የግራው ፈረስ

ዳማው ፈረስ የገበያው በር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አልደነገጠም፣ አልተራገጠም። ዕቃ ረስቶ እንደወጣ ሰው ቆመና ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

ዳቦ ጋጋሪው ልጓሙን ሳበ። ፈረሱ አንገቱን የተፈለገውን ያህል አስረዘመለት፤ እግሩን ግን አላነሳም። ከኋላ በግ የሚነዱ ሰዎች መሳደብ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ፈረሱን፣ ቀጥሎ ባለቤቱን። ሰፈሩ ውስጥ «ትኩሱ» የሚባለው ይህ ዳቦ ጋጋሪ ባለፈረስ ከሆነ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅበት ጊዜ እንኳ አልሞላውም። በዚያች ጊዜ የጠገበው ስድብ ግን ዳቦ በጋገረበት ዘመን ሁሉ ከሰማው ይበልጣል።

«አዲስ ጌታ ስለሆንክ እየለካህ ነው» አሉ አማቱ። «ዛሬ ካዘንክለት፣ ዕድሜ ልክህን የምትጋለበው አንተ ነህ።»

አማቱ ጋሪ ነድተው፣ ጡብና አሸዋ አመላልሰው ያረጁ ሰው ናቸው። ስለ ፈረስ የማያውቁት ነገር የለም ይባላል፤ የሚሉት ራሳቸው ናቸው። አለንጋቸውን አቀበሉት። ትኩሱ እንደ ስሙ ነው፣ ሁለቴ አያስብም፤ አሳረፈበት። የዳማው ቆዳ ከትከሻው እስከ ታፋው ራደ። ከዚያም አንገቱን ወደ ኋላ እንዳዞረ፣ እግሩ ብቻ ወደ ፊት እየሄደ፣ ከበሩ ወጣ።

ትኩሱም ዞር ቢል ፈረሱ የሚያየውን ያይ ነበር። አጥሩ ሥር ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ሌላ ፈረስ፣ ቦራው፣ የታሰረበትን ገመድ እስከ ጫፉ ወጥሮ ቆሟል።

ሁለቱን ፈረሶች ለገበያ ያወጣችው ሴት የአንድ ሠረገላ ነጂ ሚስት ነበረች። ነጂው ሞቷል፣ ሠረገላው ተሽጧል፣ የቀሩት ፈረሶቹ ናቸው፤ በአንድ ገመድ አስራቸዋለች። ልጄ፣ እነዚህ ዳማው ውርንጭላ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አብረው ነው የሠሩት፣ አትነጥላቸው፣ በዋጋው አስተያየት አደርግልሃለሁ ብላው ነበር። ደግማም ብላዋለች። ትኩሱ ግን እሱ ራሱ ነጋዴ ነው። የትናንቱን ዳቦ ከዛሬው ጋር አስሮ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስተምረው አይችልም፤ ስንት ጊዜ ሠርቶታል። አማቱ የሁለቱንም ከንፈር ገልበው ጥርሳቸውን ካዩ በኋላ ዳማው ጎልማሳ ነው፣ ቦራው ግን አርጅቷል ብለው በጆሮው ሲነግሩት፣ የትናንቱ ዳቦ የትኛው እንደሆነ ገባው። ዳማውን ብቻ አለ። ሴትዮዋ ገንዘቡን ስትቀበል ፊቱን አላየችውም። ገመዱን የምትቆርጥበት ቢላ በእጇ ይዛ፣ ቢላ ስትፈልግ ብዙ ቆየች።

ዳማውን ያሰበው ሌላ ሰውም ነበር፤ እስከ ጆሮው የጠቆረ አንድ ከሰል ነጋዴ። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ትኩሱ ቀደመው። ከሰል ነጋዴው አጉረመረመ፣ ምራቁን ተፋ፣ ከዚያም ሌላ ፈረስ ስላጣ ቦራውን ገዛ። ትኩሱና አማቱ ከገበያው ዳር የኮርቻቸውን መቀነት ሲያስሰፉ፣ እሱ በውጭ በኩል አልፏቸው ሄደ።

ወደ ከተማቸው የሚመልሱ መንገዶች ሁለት ናቸው። የመኪናው መንገድ ተራራውን ዞሮ ይሄዳል። ፈረስ ነጂዎች ዳማውን ከሌሎች ፈረሶች ጋር በዚያ በኩል ሊያደርሱለት ተስማምተው ነበር፤ እሱና አማቱ አውቶቡስ ቢሳፈሩ ያን ዕለት ማታ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ሌላው መንገድ ገደሉን ይዞ ይወርዳል፣ ጫካውን ያቋርጣል፣ ወንዙ ሳይሞላ ከተደረሰበትም በእግር ይሻገራል። አቋራጭ ይሉታል፤ የሚሉት ያልሄዱበት ናቸው። ትኩሱ አቋራጩን መረጠ። ሲመርጥ በዓይኑ የመጣበት ሰፈሩ ነው፤ ልብስ ሰፊዋም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ ዳቦህ አነሰ የሚለው ጎረቤቱም በየበራቸው ቆመው፣ እሱ በዳማ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲገባ። አማቱ ደግሞ ብቻህን አትችለውም ብለው አብረው ቀሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤት ውስጥ የሚስቱ ወር ገብቷል። እናቷ እሷን ወልደው አልተነሱም፤ በዚያ ቀን አባትየው ጡብ ጭነው መንገድ ላይ ነበሩ። ይህን በቤቱ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም። ሚስቱ ሲለዩዋት ብዙ አልተናገረችም። ሁለታችሁም መንገድ ላይ ሳላችሁ እንዳይመጣብኝ ብቻ ነው ያለችው። ትኩሱ ሳይመጣ እደርሳለሁ ብሎ ማለላት። አባቷም ማሉ፤ እሳቸው ሲምሉ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ተደፋ። መንገዱ ጋሪ የሚያሳልፍ ስፋት አለው፤ በቀኝ የተራራው ግድግዳ፣ በግራ ምንም። ጉሙ ከታች እየፈላ ይወጣል። የተረገጠ ጠጠር ወርዶ ይጠፋል፣ የወደቀበት ድምፅ አይመለስም። ኮርቻው ላይ አማቱ ነበሩ። ትኩሱ ከፈረሱ በስተግራ ሆኖ ልጓሙን ይዞ ይመራል፤ ፈረስ በግራ ነው የሚመራው ብለው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ዳማው ያን ሁሉ መንገድ ትቶ ወደ ግራ ተጠጋ። ትኩሱ በትከሻው ገፋው። ፈረሱ መልሶ ተጠጋ፤ በክፋት አይደለም፣ በሥርዓት ነው፤ ለሌላ መንገደኛ ቦታ እንደሚለቅ ሰው። ትኩሱ የግራ እግሩን ሊያሳርፍ ሲል መሬት አጣ። ልጓሙ ላይ ተንጠለጠለ፣ ጉልበቱን ድንጋይ፣ መዳፉን ልጓሙ ላጠው፣ ተስፈንጥሮ ፊት ለፊት ሆነ።

«ወደ ቀኝ ሳበው እንጂ» አሉ አማቱ ከላይ።

«እየሳብኩ ነው፣ አባባ።»

«እየሳብክ አይደለም።»

«ታዲያ ይሄ የተላጠው የማን እጅ ነው?»

በረዶው ያኔ ጀመረ። መጀመሪያ ባቄላ፣ ከዚያ የዶሮ እንቁላል ያህል እየሆነ ግድግዳው ላይ ይፈነዳል፣ ኮርቻው ላይ ይደልቃል፣ የፈረሱን ጆሮ ይገርፋል። ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ መንገዱ በሚታጠፍበት ማዶ ከሰል ነጋዴው ታየ። ቦራው በቀኙ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ሆዱ ድንጋዩን እየታከከ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዳማው አየው፤ አሽካካ። ቦራውም ከማዶ መለሰለት። አማቱ ርቦታል ማለት ነው አሉ።

«አንተ ዳቦ» ብሎ ተጣራ ከሰል ነጋዴው። «የኔ ሽማግሌ መንገድ ይሄዳል፤ ያንተ ጎረምሳ ገደል ይለካል እንዴ?»

ትኩሱ የሚመልሰው ስድብ አልጠፋውም፤ ለመናገር ግን ጊዜ አላገኘም። ዳማው ወደ ማዶው ሊሮጥ ሲወረወር ጠርዙ ከኋላ እግሩ ሥር ተናደ። ፈረሱ በታፋው ተቀመጠ። ግማሽ ሰውነቱ ጉም ውስጥ ገባ፤ የፊት ሰኮናዎቹ መንገዱን ይቧጥጣሉ፣ ዓይኑ ነጭ ሆኗል። አማቱ ወደ ቀኝ ተወረወሩ፤ አንድ እግራቸው ግን እርካቡ ውስጥ ቀረ። ትኩሱ ተረከዙን ስንጥቅ ውስጥ ሰክቶ ልጓሙን በወገቡ ጠመጠመና ወደ ኋላ ተኛ። የዱቄት ኬሻ እየተሸከመ ያደገ ጀርባው እዚያ ጠቀመው። ፈረሱ አንዴ ተንሸራተተ፣ ሁለተኛ ተንሸራተተ፣ በሦስተኛው ጉልበቱን መንገዱ ላይ አሳርፎ ወጣ፤ ሲወጣም ሽማግሌውን በአንድ እግራቸው እየጎተተ ነው።

እርካቡ ተቆረጠ። እግሩ አልተቆረጠም፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ወደማይዞርበት ዞሯል።

ትኩሱ አማቱን ግድግዳውን አስደግፎ አስቀመጣቸውና ፈረሱን መታው። በአለንጋው ሳይሆን በቡጢው ነው፣ አንገቱ ላይ፣ ፊቱ ላይ። ዳማው አልሸሸም። እየተመታ፣ በደምና በጭቃ እንደተለወሰ፣ ከመንገዱ ግራ ሄዶ ቆመ። በቀኙ የአንድ ፈረስ ስፋት ያህል ቦታ ባዶውን ነበር። ትኩሱ ቦታውን አየው፤ ሲመሽ የሚገባውን ያን ጊዜ ግን አልገባውም።

«ተው» አሉ አማቱ። «የቀኝ ዓይኑ አያይ ይሆናል።»

በእጃቸው ምልክት አሳዩት፤ ትኩሱ በቀኙ በኩል ጣቱን አወዛወዘ፤ ፈረሱ ዓይኑን ጨፈነ ከፈተ። ያያል። እንግዲያው ጆሮው ነው አሉ። ጆሮው አጠገብ አጨበጨበ፤ ሰማ። ከጫካው እስኪደርሱ ድረስ ሽማግሌው ሰኮናውን፣ ኩላሊቱን፣ የእናቱን ዘር ሳይቀር በተራ መረመሩ። ሕመማቸው ሲብስ ምርመራቸውም ይበዛ ነበር።

ጫካው ውስጥ ዝናቡ ቆመ፣ ጭቃው ቀረ። ዛፎቹ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ሐረጉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ተጠላልፎ ትኩሱ በያንዳንዱ እርምጃ በእጁ ይበጥሰዋል። አማቱ ኮርቻው ላይ ተጎንብሰው የፈረሱን ጋማ ጨብጠዋል። ዳማው ሲሄድ ይቆማል፣ ሲቆም ይገረፋል፣ ሲገረፍ ጥቂት ሄዶ ይቆማል። ከጫካው ማዶ የእንጨት ቆራጮች ጎጆ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ሳይመሽ መድረስ ነበረባቸው። ፀሐይዋ ግን ማንንም አልጠበቀችም።

ጅቦቹ የመጡት ጥላው መሬት ላይ ሲወፍር ነው። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ከኋላ፣ ቀጥሎ ሌላ ከጎን፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚታጠፍ። የአማትየው እግር ይደማል፤ የፈረሱም ጉልበት ይደማል። ያን ሽታ ሰው ባይሰማውም የሚሰማው አለ።

ዳማው ቆመ።

ትኩሱ ጎተተ። ገረፈ። ለመነ። ያቺን ምጥ ልትያዝ ያለች ሴት ስም እየጠራ ለመነ፤ ፈረስ በልመና ይሄድ ይመስል። ቁጥቋጦው በቀኝ በኩል ተላወሰ፤ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች፣ ከዚያ አራት፣ ዝቅ ብለው። ትልቁ ጅብ ወደ አማትየው የተንጠለጠለ እግር አንገቱን ዘርግቶ ወጣ። ትኩሱ በፈረሱ ሆድ ሥር ሾልኮ ወደ ቀኝ ተሻገረና በእጁ የመጣለትን ግንድ አንስቶ አፉ ላይ አሳረፈበት። ጅቡ ጮሆ ተገለበጠ። ሌላኛው ዘለለ፤ ያንን በእግሩ አገኘው፣ ጫማው አፉ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ጀርባውን ለፈረሱ ሰጥቶ፣ ትከሻውን ትከሻው ላይ አጣብቆ፣ በባዶ እግሩ ግንዱን ከፍ አድርጎ ቆመ።

ፈረሱ ተደገፈው።

በጣም ሳይሆን በጥቂቱ ነው፤ ደክሞት ቤቱ የገባ ሰው ግድግዳ እንደሚደገፍ። ከሆዱ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ከዚያም ማንም ሳይስበው፣ ማንም ሳይመታው፣ መራመድ ጀመረ። ትኩሱ አብሮት ተራመደ። ጅቦቹ በሁለቱም ዳር አጀቧቸው፤ ትኩሱ ግንዱን እያወዛወዘ፣ አማቱ የማያውቁትን ጸሎት ግማሽ ግማሹን እያነበነቡ፣ ፈረሱ ሰዓቱን አክብሮ ሥራ እንደሚሄድ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከጫካው ወጡ።

ጎጆው ሲታይና ድምፆቹ ወደ ኋላ ሲቀሩ ትኩሱ ከፈረሱ ቀኝ ሸሸት አለ። ዳማው ቆመ። ትኩሱ ተመለሰ፤ ፈረሱ ሄደ። ወደ ግራው ዞረ፤ ፈረሱ ቆመ። አንድ ጊዜ ደገመው፣ ከዚያ መድገሙን ፈራው።

«አባባ» አለ። «ሴትዮዋ ገበያው ላይ ምን ነበር ያለችኝ?»

አማቱ ፈረሱ በቀኙ የተወውን ባዶ ቦታ ተመለከቱ።

«እኔ የነዳሁት አንድ ፈረስ ነው» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ፣ አንድ አንድ ፈረስ። ጥንድ ነድቼ አላውቅም።»

ያን ሁሉ ዓመት ስለ ፈረስ ሲናገሩ የማያውቁት ነገር አለ ሲሉ የተሰሙት ያኔ ብቻ ነው። ትኩሱ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። በጭቃና በደም የደረቀውን የፈረሱን ፊት በእርጥብ ሸሚዙ ሲጠርግለት፣ ቡጢው ያረፈበት ቦታ አብጦ አገኘውና ደስታው ሳይመጣ ቀረ።

ወንዙ ጠዋት ጠበቃቸው። የተራራው ዝናብ ሁሉ ወርዶበታል፤ ቀይ ነው፣ ያገሳል፣ ከሥሩ የተነቀለ ዛፍ እንደ ገለባ ያዞራል። መሻገሪያው ላይ ከሰል ነጋዴው ቆሞ ቦራውን ይገርፋል። ቦራው የፊት እግሩን ውኃው ውስጥ አድርጎ፣ የኋላውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወደ ግራው እያየ አይነቃነቅም። ከሰል ነጋዴው እንቅልፍ ያየ አይመስልም፤ የፊቱን ጥቁረት ላብ በመስመር በመስመር አጥቦታል።

ዳማው የቦራውን ሽታ ያገኘው ገና ከዳገቱ ላይ ነው። የትኩሱን እጅ አስለቅቆ፣ አማትየውን እንደተሸከመ፣ ድንጋዩን እየዘለለ ወረደ። ሽማግሌው በጋማውና በእግዜር ብቻ ተይዘው ደረሱ። ዳማው በቦራው ዙሪያ አንዴ ዞረና በግራው ገብቶ ቆመ። ተቃቅፈው አላለቀሱም፤ ፈረሶች ናቸው። ጭራቸው ብቻ በአንድ ጊዜ ተወዛወዘ።

ከሰል ነጋዴው አለንጋውን አወረደ።

«አሃ» አለ። «ለየብቻ ከብት፣ አንድ ላይ ሀብት።» ከዚያም የዳማውን ልጓም ያዘ። «ሽማግሌውን አውርድና ፈረሱን ተውልኝ፣ ወንድሜ። የከፈልክበትን ከሰሌ ሲሸጥ አደርስልሃለሁ።»

«እሳቸውን በምን ልውሰዳቸው?»

«ተሸከማቸው። አማትህ አይደሉ?»

ትኩሱ ሁለቴ አላሰበም። አንገቱን ይዞት ጭቃው ውስጥ ወደቁ። ድብድብ ለማየት የሚያምረው ተደባዳቢዎቹ የጠገቡ ሲሆኑ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ከትናንት ጀምሮ አልበሉም። አንዱ ሲገፋ አብረው ይንሸራተታሉ፣ አንዱ ሲመታ ጭቃውን ይመታል። ከሰል ነጋዴው ጆሮውን ነከሰው፤ ትኩሱ አለንጋውን ነጥቆ ሊያነሳበት ሲል ጭቃው አብሮ ተነሳ።

«እናንተ ልጆች» የሚል ድምፅ ሰሙ። የአማትየው ድምፅ ነው፣ የተረጋጋ፤ የመጣው ግን ከወንዙ ውስጥ ነው። «ስትጨርሱ ንገሩኝ።»

ፈረሶቹ ሰው አልጠበቁም። ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ውኃው ደረታቸው ላይ እስኪደርስ ገብተዋል፤ ሽማግሌው በዳማው ላይ ናቸው።

ሁለቱ ሰዎች ተላቀው ሮጡ። ውኃው ጉልበታቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን መታቸው፤ ከሰል ነጋዴው የቦራውን ጭራ፣ ትኩሱ የዳማውን ያዘ። ወንዙ የሚመጣው ከቀኝ ነው። ቦራው በዚያ በኩል ነበርና ማዕበሉን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው፤ ዳማው በእሱ ከለላ ይሄዳል። መሐሉ ላይ ሥሩን እንደ ጣት የዘረጋ ግንድ መጣ። ቦራው አየው፤ ሊያፈገፍግ ይችል ነበር። አላፈገፈገም፤ ቦታው ያ ነበር። ግንዱ ደረቱን መትቶት ተሽከርክሮ አለፈ፤ ሁለቱም ፈረሶች ዘመሙ፣ ተደጋገፉ፣ ቀኑ። ጭራው ከትኩሱ እጅ አመለጠ። ቀይ ውኃ አፉን ሞላው፣ መሬቱ ከሥሩ ጠፋ፤ ያኔ አንድ ጥቁር እጅ ቀበቶውን ያዘውና እስከ ማዶ ድረስ አለቀቀውም።

ዳርቻው ላይ አምስቱም እየተንፈራገጡ ወጡ። ከሰል ነጋዴው ታጥቦ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ ትኩሱ ገና ወጣት መሆኑን ያየው ያኔ ነው። የቦራው ደረት ተቦጭቋል። ዳማው ቁስሉን ያሸትተዋል።

ከዚያ በኋላ ከሰል ነጋዴው ዝግ ብሎ ተናገረ። ጎጆው ወደ ላይ ነው፣ ግማሽ ቀን ቢያስኬድ ነው፤ ወንድሙ አለ፣ ወንድሙ ከእሱ የተሻለ ሰው ነው። እዚያ አድረው፣ የሽማግሌውን እግር አሽተው፣ ወይ እሱ ይሸጣል ወይ ይገዛል፣ ይስማማሉ። «እነዚህን አሁን ብንለያያቸው ግፍ ነው፣ ወንድሜ» አለ። «አየሃቸው አይደል?»

ትኩሱ አይቷቸዋል። አማቱን ተመለከተ። ሽማግሌው ወደ ከተማው በኩል ያዩ ነበር። አንተ ነህ ባለቤቱ፣ የፈለግከውን በል አሉት፤ ዓይናቸውን ግን ከዚያ አላነሱም። እግራቸው እንደ ሊጥ ተነፍቷል፤ ያለ ፈረስ አንድ እርምጃ አይራመዱም።

«ሚስቴ ወሯ ገብቷል» አለ ትኩሱ።

ከሰል ነጋዴው ኮቱን አውልቆ ጨመቀና የቦራውን ዓይን ሸፈነ። ትኩሱም የእሱን አውልቆ የዳማውን ሸፈነ። በገበያው የነጠላቸው ሳያውቅ ነበር። ይህኛውን እያወቀ አደረገው፤ እጁም እንደ ገበያው ቀን አልፈጠነም። ቦራው በለሆሳስ እየተመራ ሄደ፤ ኮረብታውን ሲዞር ተጣራ። ዳማው ዓይኑ እንደተሸፈነ መለሰ። ትኩሱ ትከሻውን ትከሻው ላይ አጣብቆ ነበርና ያን ድምፅ በጆሮው አልሰማውም፤ በጎድን አጥንቱ ነው የሰማው። አማቱ ከላይ ንዳው አሉ። ነዳው። መልሱ ከኮረብታው ኋላ ሦስት ጊዜ መጣ፣ ከዚያ ቀረ።

ሰፈራቸው የገቡት በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ሳለ ነው። በየበሩ የቆመ አልነበረም። አንድ ድመት ነበረች፣ እሷም አላየቻቸውም። ትኩሱ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ጨርቅ ጠምጥሞ በፈረሱ ቀኝ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ የመኪናዋን ፔዳል አቁማ፣ ክር በጥርሷ እንደያዘች ወጣች። ወለደች እኮ አለቻቸው፤ ሴት ልጅ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። መቼ ብለው ጠየቁ። ገበያ የሄዱ ዕለት ማታ ጀምሯት ሊነጋጋ ሲል ተገላገለች። ብርቱ ናት፤ ማንንም አልጠራች፤ አንድ ጊዜ ብቻ መኪና ሲያልፍ፣ እነሱ ናቸው እንዴ ብላ ጠይቃለች።

ትኩሱ ስሌቱን ቆሞ ሠራው። አውቶቡስ ቢሳፈሩ ይደርሱ ነበር። ወደ ላይ ወጥተው ከሰል ነጋዴው ዘንድ ቢያድሩ ደግሞ የሚያስቀሩት ነገር አልነበረም። አንዱ መቸኮል ሲገባው ዘግይቷል፤ ሌላው መዘግየት ሲገባው ቸኩሏል። ሁለቱም እሱ ነው።

ሚስቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባ ነበር። መጀመሪያ ያየችው የአባቷን እግር ነው። «አባዬ፣ ተቀመጥ» አለች። ወንበሩን በእግሯ ገፋችላቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ እንግዳ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ በሩ ተመለከተች።

«እንኳን ደህና ገባህ።»

ከሩቅ አገር ለመጣ ዘመድ እንደሚባለው ነው ያለችው። ትኩሱ በሩን ይዞ ቆመ፤ ጭቃው ከሱሪው እየተፈረፈረ ይወርዳል።

«ተቆጪኝ» አላት።

«ደክሞኛል» አለችው። «ሌላ ቀን።»

ሌላ ቀኑ አልመጣም። ያ ቀን ቢመጣ ይሻለው ነበር።

ወንዙ ሲጎድል ትኩሱ ያለውን ይዞ ወደ ከሰሉ ሰፈር ወጣ፤ በእግሩ፣ ብቻውን። ከሰል ነጋዴው አቅፎ ሳመው፣ ዓይኑን ግን ሸሸው። ቦራው ወደ ቆላ ለሚወርዱ ነጂዎች ተሽጧል፤ ወዴት እንደሄዱ አይታወቅም። «ይጣራ ነበር» አለው። «እኔም ሰው ነኝ። ቻልኩት፣ ቻልኩት፣ በመጨረሻ አልቻልኩትም።» ሲመለስ ሚስቱ ሊጥ ታቦካ ነበር። አገኘኸው ወይ አለችው፤ ስለ ፈረስ የጠየቀችው ያን ዕለት ብቻ ነው። አላገኘሁትም አላት። እጇ ሊጥ ስለነበር ልጅቷን አንሳት አለችው፤ አነሳት፤ ሚስቱ ሊጡን ጨርሳ፣ ሸፍና፣ እጇን ታጥባም አልተቀበለችውም፤ እንዲይዛት ተወችው።

አሁን በየማለዳው ዳቦው በጋሪ ይወጣል። ጋሪው መቀመጫ አለው፣ ስፖንጅ የተደረገበት፤ አማቱ ያሠሩት ነው፤ ሲሻላቸው አንዳንዴ እሳቸው ይቀመጡበታል። ትኩሱ በፈረሱ ቀኝ በእግሩ ይሄዳል። ደንበኞቹ መጀመሪያ ሳቁ። ፈረስ ገዝቶ በእግሩ የሚሄድ አንተን አየን፣ እግርህን መቼ ልትሸጠው ነው ይሉታል። ድሮ ቢሆን ከዳቦው ይልቅ መልሱ ይቀድማቸው ነበር። አሁን ዳቦውን ያቀብላል፣ መልሱን ይተወዋል፣ ወደ ፈረሱ ቀኝ ዞሮ ትከሻውን ያስጠጋል። ዳማው በጥቂቱ ይደገፈዋል። ከዚያ ይሄዳሉ።